የፋሲካ ሳምንት ድሪቶ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ለሕማማት ሳምንት ኦቨርታይም ሰጥተውኛል። ልያዘው ወይስ ፈቃድ ልውሰድ?» አለችኝ። እናቷ ከአዲስ አበባ መጥታ እሷ ዘንድ ናት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን «ደግሜ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አልደወልኩም። ይኸው እየጻፍኩላት ነው፤ እናንተም ልጆቼ አብራችሁ አንብቡት።

በ2002 ዓ.ም. ፋሲካ መጋቢት 26 ቀን ዋለ። ከዚያ ቀድሞ ሊውል አይችልም፤ በባሕረ ሐሳብ የታችኛው ወሰን እሱ ነው። የፈረንጆቹም ፋሲካ ያን ዓመት በዚያው ቀን ነበር። እኔ ሜሪላንድ ነበርኩ። እናቴ ከጥምቀት በኋላ መጣች። ብዙም ሳትቆይ ያ ዋሽንግተንን ቀጥ ያደረገ የጥር መጨረሻ በረዶ ወረደ። በመስኮት አይታው «ይሄ ሁሉ ባዘቶ ማን ሊፈትለው ነው?» አለች። ፈታይ ነበረች እናቴ። እንዝርቷን ሻንጣ ውስጥ ከትታ ነው የመጣችው።

ፎቅ ላይ አላባማ ተወልደው ያደጉ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ኩዊልት ይሰፋሉ። እራፊውን ከእራፊ ገጥመው ከላይ ያደርጋሉ፣ መሐሉ ላይ ጥጥ ያነጥፋሉ፣ ከሥር ሌላ ጨርቅ ይጨምሩና ሦስቱን አንድ ላይ ይሰፉታል። እናቴ ስታየው ወደ እኔ ዞር ብላ «አሜሪካ ድረስ መጥቼ ድሪቶ ልስፋ?» አለችኝ። መቼም ታውቃላችሁ፣ እኛ ዘንድ ድሪቶ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ነገር ነው።

ሴትየዋ ቃሉን ሳይሰሙ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ከመሳቢያቸው ቴምብሮች አወጡ። በፈረንጅ 2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ያተማቸው ናቸው። ሥዕሎቹ በአላባማ ወንዝ ዳር ባለች ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የተሰፉ ኩዊልቶች ናቸው። የባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ከነተበ የሥራ ሱሪ ሳይቀር እየጣፉ ልጆቻቸውን ከብርድ ያለበሱበት ነው። በኋላ ኒውዮርክ ትልቅ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ይህን ሁሉ እየተረጎምኩ ነገርኳት። «ድሪቶ? ቴምብር ላይ?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በማግስቱ ያረጁ የሥራ ልብሶቼን ጠየቀችኝ። ሰማያዊ ስክራቦቼን ሁሉ ቆራረጠቻቸው።

የሆሳዕና ዕለት ዕቅድ አወጣች። ከሐሙስ ጀምሮ መርፌ አትነካም፤ ስለዚህ እስከ ረቡዕ ትሰፋለች። ቅዳሜ ድፎ ትደፋለች። ማታ ማታ ደግሞ እኔ የዮሐንስን ወንጌል አነብላታለሁ። ምዕራፎቹ 21 ናቸው፣ ሌሊቶቹ ሰባት፤ በየሌሊቱ ሦስት ሦስት። ፊደል የቆጠረችው ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ታነባለች። እንደዚያ ሆኖ ግን እየሰፋች መስማት አማራት።

እሑድና ሰኞ አነበብኩላት። ማክሰኞ ከሥራ ቦታ ተደወለ። ፈረንጆቹም ለፋሲካቸው ፈቃድ ወስደው ሰው ጎድሏል፤ «ማን ይሙላልን?» አሉ። እኔ ሞላሁ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ማንም አላስገደደኝም። ስግደቱንም አልሰገድኩም፣ ጉልባኑንም ብቻዋን በላችው።

ቅዳሜ ማለዳ ስወጣ ዱቄቱን እየነፋች ነበር። ከዓርብ ጀምራ አክፍላለች። ለኮባ ምትክ ከእስያ ሱቅ የበረደ የሙዝ ቅጠል ገዝቼ ነበር፤ በሙቅ ውኃ እያፍታታችው «ይሄስ እንደ እኔ ብርድ መትቶታል» አለች። አንድ ሰዓት ማታ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ። ከዚያ «አራት ሰዓት ብቻ ጨምሪልን» አሉኝ። ጨመርኩ። ቤት ስደርስ እኩለ ሌሊት ሆኗል። ነጠላዋን ለብሳ ቁጭ ብላለች፤ ለቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። ሊጡ ገንፍሎ ከሳህኑ ወርዷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ወለሉ ላይ።

«ለምን አልጋገርሽውም?» አልኳት። በቁጣ ነው ያልኳት።

«እንዴት እንደሚለኮስ መች አሳየሽኝ?»

ሁለት ወር ተኩል እኔ ቤት ኖራለች። የኦቨኑን ነገር አላሳየኋትም። ለመደወል ደግሞ «ሥራ ላይ ናት» ብላ ፈራች።

ሊጡን ሰብስበን ጋገርነው። ሆምጥጧል፣ አልነፋም፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ብቻ ነው ፋሲካ ፋሲካ የሚለው። ቤተ ክርስቲያን የደረስነው ሕዝቡ ሲበተን ነው። ጠዋት ዳቦውን ቆርሳ እያላመጠች «እርሾው ፈረንጅ ስለሆነ ነው» አለች።

ሚያዝያ ውስጥ ተመለሰች። የቼሪ አበባውን ላሳያት ቃል ገብቼ ነበር፤ ስንሄድ ረግፎ መሬቱ ላይ ነው ያገኘነው። በዓመቱ አረፈች።

ጎረቤቴ ያልተጨረሰውን ድሪቶ ጨርሰው አመጡልኝ። «እናትሽ ስትሰፋ ታዜም ነበር» አሉኝ። አላውቅም ነበር። እስቲ ዜማውን ይበሉልኝ አልኳቸው። አዜሙት። የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መዝሙር ይሁን የልጅነቷ ዘፈን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንግዲህ የዛሬ ልጆች ይሄን ስትሰሙ «ራስን መንከባከብ ያስፈልጋል» ትሉኛላችሁ። እሱን አይደለም የማወራው። ሁሉንም ነገር ፎቶ ማንሳታችሁም ያናድደኛል፤ ሊጡ ሳይቦካ ፎቶው ስልክ ላይ ይቦካል። ግን ምን ላድርግ፣ የእናቴ እጅ ሊጥ ላይ ሆኖ የሚያሳይ አንድ ፎቶ የለኝም። ቢኖረኝ ምን ባላደርግ ነበር።

አንቺ የደወልሽልኝ ልጅ፣ ኦቨርታይሙን አትያዢው ልልሽ ነበር የተነሳሁት። ሳስበው ግን የእናቴን የአውሮፕላን ቲኬት የገዛሁት በኦቨርታይም ነው። የወንድሜንም ቤት ጣሪያ ያለበስኩት በዚያው ነው። ስለዚህ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። መጽሐፍ ቅዱሴ ዛሬም ዮሐንስ ምዕራፍ ሰባት ላይ ያቺን ሰማያዊ እራፊ እንደያዘ ነው፤ እኔም ከዚያ አላለፍኩም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቢ ግን ኦቨኑ እንዴት እንደሚለኮስ አሳያት። የእኔው አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበረችው፣ ወደ ቀኝ የምትዞር።