ድመቴ የጎረቤት ጫጩት በላች፤ ካሳ እከፍላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። ቤት ውስጥ በቆሎና ቡና ስለማስቀምጥ ለአይጥ ብዬ ያሳደግኋት ድመት አለችኝ። ጎረቤቴ (አዴ ነው የምላቸው) በቅርቡ አስር ጫጩት ገዝተው ነበር፤ ሰባቱ አለቁ። አንዱን ድመቴ በአፏ ይዛ አጥር ስትዘል እሳቸውም እኔም አይተናል። አሁን የሰባቱን ዋጋ፣ በዚያ ላይ አድገው ይጥሉት የነበረውን እንቁላል ጭምር ክፈይ ይሉኛል። «አለዚያ እሰሪያት፤ ካላሰርሽ መርዝ አስቀምጣለሁ» ብለዋል። ወፍም እየያዘች በረንዳዬ ላይ ትጥላለች። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከመራራው ልጀምር። ይከፍላሉ። የሚያከራክረው ስንት የሚለው ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ሳይታሰብ ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ያልተገመተ ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ «እኔ ምን አጠፋሁ? ድመት አይደለች እንዴ!» የሚለው መልስ ለቡና ወሬ እንጂ ለችሎት አይሆንም። «ድመት ባለቤት የላትም፣ እንደፈለገች ነው የምትዞረው» የሚሉም አሉ። ይህም ብዙ አያስኬድም። ዳኛው የሚጠይቀው ማን ያበላታል፣ የማን ቤት ታድራለች ብሎ ነው። እርስዎ ደግሞ ለአይጥ ብዬ አሳደግኋት ብለው ጽፈውልኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አዴ ሰባት ይላሉ። የታየው አንድ ነው። ጉዳቱን ያደረሰችው የእርስዎ ድመት መሆኗን ማስረዳት ያለባቸው ከሳሿ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጫጩት። ጅማ ደግሞ ጫጩት የሚበላው ድመት ብቻ አይደለም። ሌሊት ሸለምጥማጥ አለ፣ ቀን ጭልፊት አለ፣ ባለቤት የሌለው ድመትም በየአጥሩ ሥር ሞልቷል። ጫጩት በብርድም በበሽታም ያልቃል። ስድስቱን ማን እንደበላቸው ያየ ሰው ከሌለ፣ አንዱን ስለበላች ሁሉንም በእሷ ላይ መለጠፍ አይቻልም። እርግጥ ነው፣ ዳኛው ከአካባቢው ሁኔታ ተነስቶ ግምት ሊወስድ ይችላል። ላባ በረንዳዎ ላይ በየጠዋቱ ከተገኘ ነገሩ ይከብድብዎታል። ስለዚህ ላባውን ጠርገው ደብቁ እያልኩ አይደለም። ያዩትን ያህል ይመኑ፣ ያላዩትን አይመኑ ነው የምለው።

የእንቁላሉ ነገር አስቆኝ ነበር፤ ግን ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት (አንቀጽ 2091)። ወደፊት የሚደርስ ጉዳትም ቢሆን መድረሱ እርግጠኛ ከሆነ ከአሁኑ ይካሳል (አንቀጽ 2092)። ቁልፉ «እርግጠኛ» የሚለው ቃል ነው። ትንሽ ጫጩት ሴት ትሁን ወንድ ገና አልታወቀም። ሳይሞት ያድጋል ወይ? ማን ያውቃል። እንቁላል የጀመረች ዶሮ ብትበላ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ለጫጩት ግን የጫጩት ዋጋ ነው የሚከፈለው፤ በዕለቱ ጅማ ገበያ ላይ ያለው ዋጋ።

ሌላም አለ። ጫጩቶቹ ክፍት ግቢ ውስጥ ያለ ምንም መከለያ ተለቀው ከነበረ፣ ተጎጂዋ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል ብለው መከራከር ይችላሉ። አንቀጽ 2098 የተበዳይም ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል ይላል። ይህን ነጥብ ግን አዴ ፊት አስቀድመው አያንሱት። እርቅ ያበላሻል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርዎት። የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በባለቤትነት አስረክቦ ከዕዳው ነጻ መሆን ይችላል። አንቀጽ 2074 ነው። ሐሳቡ ከጥንት ሮማውያን የመጣ ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሰባት ጫጩት ዕዳ በአንዲት ድመት ይዘጋል ማለት ነው። እኔ ግን አልመክርዎትም። አንደኛ፣ አዴ ድመቷን ተረክበው ምን ያደርጓታል? ማታውኑ አጥሩን ዘልላ እርስዎ ቤት ትመጣለች። እርስዎ ተቀብለው ካበሏት ደግሞ አንቀጽ 2072 እንስሳን ለመጠበቅ የያዘ ሰውንም ተጠያቂ ስለሚያደርግ ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሁለተኛ፣ ይህ በር ጉዳቱ በባለቤቱ ጥፋት የደረሰ ከሆነ ይዘጋል። የመጀመሪያው ጫጩት ሲበላ እርስዎ አላወቁም እንበል። ዛሬ ግን አውቀዋል፣ ተነግሮዎታል። ከእንግዲህ ዝም ብለው ከለቀቋት ስምንተኛው ጫጩት የድመቷ ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ጥፋት ነው ይባላል።

መርዙ። ሕጉ በመሬቱ ላይ ጉዳት የሚያደርስ እንስሳ የገባበት ባለይዞታ እንስሳውን ይዞ ማቆየት፣ ሁኔታው ግድ ካለም መግደል እንዲችል ይፈቅዳል። ይህ ግን ለዚያች ሰዓት የተሰጠ መብት ነው። መርዝ በሥጋ ለውሶ አጥር ሥር ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የሌላውን ንብረት ሆን ብሎ ማጥፋት ወንጀል ነው፤ እንስሳን ማሠቃየትም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። መርዝ ደግሞ መርጦ አይገድልም። ውሻም ያገኘዋል፣ የአዴ የራሳቸው ዶሮም ሊለቅመው ይችላል፣ ልጅ ሊነካው ይችላል። ይህንን በክስ ማስፈራሪያ ሳይሆን አንድ የሚያከብሩት ሰው በለሆሳስ ቢነግራቸው ይሻላል።

ወፏን በአጭሩ። የበረንዳዎ የዱር ወፍ ባለቤት የለውም፣ ካሳ የሚጠይቅም የለም። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን የሚከለክለው ሰውን ነው። ቦዬ ረግረግ አጠገብ ለሚኖር ሰው ግን፣ ሕግ ባይጠይቀውም፣ ድመቱን ማታ ዝጋ እለዋለሁ።

«እሰሪያት» የሚለውን ጥያቄ ከልብ አይቀበሉት። ቀኑን ሙሉ በገመድ የታሰረች ድመት አይጥም አትይዝልዎትም። ድመት አስራ ሳታበላም ሳትለቅም የገደለችው ሴት የገጠማትን ቅጣት የሚናገረውን ሐዲስ ደግሞ አዴ ከእኔ በተሻለ ያውቁት ይሆናል። እኔ ሼህ አይደለሁም፤ ግን ሽማግሌ ፊት ይህ ከአንቀጽ በላይ ይሠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ድመት በብዛት የምታድነው ንጋት ላይና ምሽት ላይ ነው። ከአመሻሹ ጀምሮ እስከ ረፋድ በቆሎውና ቡናው ያለበት ክፍል ውስጥ ይዝጉባት። አይጡ ያለው እዚያ ነው። ጠግባ ታድራለች ብለው ግን አይዘናጉ፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የበሉ ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት አደን በ36 በመቶ፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሷል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቃጭል ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ደማቅ ቀለም ያለው የአንገት ጨርቅ የሚይዙትን ወፍ በ42 በመቶ ቀንሷል፣ አይጥ ላይ ግን ለውጥ አልታየበትም። ለእርስዎ ጥሩ ዜና ነው። ጫጩት ግን እንደ ወፍ ቀለም አይቶ አይበርም፤ ስለዚህ መከለያው የግድ ነው። እስኪጠነክሩ ድረስ ወንፊት ሽቦ የተመታበት ሳጥን ይበቃል። ሽቦውን እርስዎ ይግዙ። ከክርክር ይረክሳል።

ክትባትም አይርሱ። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ታስተላልፋለች። ነገ የጎረቤት ልጅ ብትነክስ ያው አንቀጽ 2071 ይመጣል፣ የሕክምና ወጪ ይዞ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ስላለው እዚያ ሄደው ይጠይቁ።

ገንዘቡን ሲሰጡ በቃል አይጨርሱ። አዴ ክስ ለማቅረብ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ጊዜ አላቸው (አንቀጽ 2143)፤ ዝምታቸው መተው አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ስንት ጫጩት፣ ስንት ብር፣ ድመቷ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትዘጋ፣ ጫጩቶቹ በሽቦ ውስጥ እንደሚቆዩ፣ መርዝ እንደማይቀመጥ፣ በዚህ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ እንደሌለ። ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ አንድ አንድ ቅጂ ትይዛላችሁ። የአንዱን ዋጋ ብቻ ልክፈል ወይስ ሁለት ሦስት ልጨምር የሚለውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። እኔ ብሆን ሦስት ጫጩት ገዝቼ በእጄ ይዤላቸው እሄድ ነበር።