መልስ፦ በሬ የምትነዳዋ ሴት ማን ናት?
የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ባለው የፏፏቴ ሐውልት ላይ በሬ የምትነዳዋ ሴት ማን ናት ላልከው፣ ጌፊዮን ትባላለች። በጥንቱ የስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ውስጥ ያለች አምላክ ናት። የስዊድኑ ንጉሥ ጊልፊ "አራት በሬ በአንድ ቀንና ሌሊት የሚያርሰውን መሬት ውሰጂ" አላት። እሷም ከአንድ ግዙፍ ፍጡር የወለደቻቸውን አራት ወንዶች ልጆቿን በሬ አድርጋ ጠመደቻቸው። ማረሻው በጣም ጠልቆ መሬቱን ገንጥሎ አወጣው። ጎትተው ባሕር ላይ ያሳረፉት መሬት ዛሬ ኮፐንሃገን ያለችበት የሼላን ደሴት ሆነ። ጉድጓዱ ደግሞ ውኃ ሞልቶት ሐይቅ ሆኖ ቀረ።

ሐውልቱን የቀረጸው አንደርስ ቡንጎርድ ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1908። ስጦታው የካርልስበርግ ፋውንዴሽን ነው፤ አዎ፣ የቢራው።

ስትሄድ ቀረብ ብለህ በሬዎቹን እያቸው። ባለ በሌለ ኃይላቸው ነው የሚስቡት፤ እሷ ጅራፍ ይዛ ከኋላቸው ናት። ልጆቿ መሆናቸውን አውቀህ ስታያቸው ሆድ ያባባል።