ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል በጠና የታመመ ሰው ሲመጣ፦ ጥያቄና መልስ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለው የወረዳ ሆስፒታል ለዓመታት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቻለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ለላኩልኝ ጥያቄዎች የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቬንትሌተር (የማስተንፈሻ ማሽን) የለንም። ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአየር መንገዱ ጀምር። መንጋጋውን ወደ ፊት ግፋ፤ የሚያንኮራፋው ድምፅ ሲጠፋ ራስህ ትሰማዋለህ። በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት) የምታስተነፍሰው ከሆነ ለሁለት ሁኑ፤ አንዱ ጭምብሉን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። ደረቱ ከፍ ካላለ አየር አልገባም። የደም ስኳሩን ደግሞ ወዲያውኑ ለካ። የስኳር ማነስ በደቂቃዎች የሚታከም ነው፤ ሳይለካ ሲቀር ግን ይገድላል።

ጥያቄ፦ ፀረ ተባይ ለጠጣ ወጣት የመርዙ ማርከሻ የሆነውን አትሮፒን ሰጥቼ የልብ ምቱ 120 ሲደርስ ፈርቼ አቆምኩ። ልክ ነበርኩ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደረቱ ገና ይንተከተክ ከነበረ ማቆም አልነበረብሽም። ኦርጋኖፎስፌት (ብዙ ፀረ ተባዮች ውስጥ ያለው መርዝ) ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ ሳንባን በፈሳሽ መሙላት ነው። ስለዚህ መለኪያሽ የልብ ምቱ ወይም የዐይኑ ብሌን ሳይሆን ደረቱ ነው። ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም በደም ሥር ትሰጫለሽ፤ በ5 ደቂቃ ካልደረቀ እጥፍ ታደርጊያለሽ። አንድ ሌሊት እኔም ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያልኩ ስሄድ ነርሷ አምፑል ስትሰብር ጣቷ ደማ፤ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ከእንቅልፉ ተጠርቶ መጣ። ደረቱ ጥርት ብሎ የተሰማኝ ሊነጋጋ ሲል ነበር። ከደረቀ በኋላ በድምሩ ከሰጠሽው ከ10 እስከ 20 በመቶውን በየሰዓቱ በጠብታ ቀጥዪ። ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን ማውለቅና ገላውን በሳሙና ማጠብም አይረሳ።

ጥያቄ፦ ትኩሳት ያለበትና እጅ እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ ሲመጣ ፈሳሽ በፍጥነት ልስጥ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን ተከታትሏል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100 ልጆች 10 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7 ያህል ነበሩ። በተቅማጥ ሰውነቱ ለደረቀ ልጅ ግን ሕክምናው ራሱ ፈሳሹ ነው። በሁለቱም ሁኔታ አልጋው አጠገብ ቁም፤ አተነፋፈሱን ቁጠር፣ ጉበቱ እያደገ መሆኑን ዳስስ።

ጥያቄ፦ ለሪፈር ስንልክ ኦክስጅኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አምቡላንሱ ሳይነሣ አስሉት። 1,500 ሊትር የያዘ ሲሊንደር በደቂቃ 5 ሊትር ሲለቀቅ 5 ሰዓት ይቆያል፤ 10 ሊትር ሲለቀቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። መንገዱ 3 ሰዓት ከሆነ ሁለተኛ ሲሊንደር ጫኑ፤ መክፈቻ ቁልፉንም ለምትሸኘው ነርስ በእጇ ስጧት።