ያለ ክፍያ በዲዛይን ገምጋሚ ቦርድ ውስጥ ማገልገል ለሙያዬ ይጠቅመኛል?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን እንዲከታተሉት ባጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ በአርክቴክቸር ተመርቀሽ ጥቂት ዓመታት ሠርተሻል። አሁን የምትኖሪው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሲሆን በአንድ ትንሽ የአርክቴክቸር ቢሮ ሌሎች የነደፉትን ሬቪት በሚባለው የሕንፃ መሳያ ፕሮግራም ትስያለሽ። ላይሰንስ ገና አላወጣሽም። ከተማው ለአርክቴክቸር ገምጋሚ ቦርዱ አባላት እንደሚፈልግ አይተሽ ልታመለክቺ አሰብሽ። ባለቤትሽ «ካልከፈሉሽ ምን ያደርግልሻል?» አለሽ። አንቺ ደግሞ ሥራ ያስገኝልኝ ይሆን፣ በእንግሊዝኛ አነጋገሬስ አላፍርም ወይ ብለሽ ትጨነቂያለሽ።

እኔ አመልክቺ ባይ ነኝ፤ ግን ዘንድሮ አይደለም። ሥራ ያስገኝልኛል በሚል ሐሳብም አይሁን። ምክንያቴን ላስረዳሽ።

ቦርዱ ስሙ እንደሚመስለው ሐሳብ ሰጥቶ የሚበተን ኮሚቴ አይደለም። አሌክሳንድሪያ የድሮውን ከተማዋን በሕግ የከለለችው በ1946 ነው፤ በአሜሪካ ይህን አሠራር የጀመረችው ደግሞ በ1931 የሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ነበረች። የጥቁሮች ሰፈር የነበረው ፓርከር ግሬይ በ1984 ሁለተኛው የአሌክሳንድሪያ ታሪካዊ ክልል ሆነ። በእነዚህ ክልሎች ውስጥ ከመንገድ የሚታይ የሕንፃ ገጽታ መለወጥ ወይም አዲስ ሕንፃ ማቆም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የቦርዱን ይሁንታ ማግኘት አለበት። የሚፈርሰው የግድግዳ ወይም የጣሪያ ክፍል ከ25 ስኩዌር ጫማ ካለፈ ለማፍረስ ብቻ የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል። የቦርዱ አባላት ሰባት ናቸው፤ ለሦስት ዓመት የሚሾማቸው የከተማው ምክር ቤት ነው። ለአርክቴክቶች የተለዩ ወንበሮች አሉ፤ የቀሩት ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች የሚያውቁና የሚቆረቆሩ ነዋሪዎች ይቀመጡባቸዋል። ቀኑን የየራሳቸው ሥራ ላይ ውለው ማታ ይሰበሰባሉ፤ ብዙውን ጊዜ በወር ሁለት ረቡዕ። በውሳኔያቸው ቅር የተሰኘ ሰው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል፤ ከዚያም አልፎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ የምትናገሪው ቃል የሰው ገንዘብና የሰው ቤት ላይ ይወድቃል።

ከወንበሩ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ትውውቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። አንቺ አገር ቤት የሠራሽበትን መንገድ አስቢ። ንድፍሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ የፕላን ስምምነት ታወጫለሽ፣ ከዚያ ፋይሉ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ገብቶ ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ ያየዋል። ተቀባይነት ካላገኘ ማስተካከያው ተጽፎ ይመለስልሻል። የሥራው ጎረቤት፣ ከፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ፣ መንገደኛው በጉዳዩ የሉበትም። እዚህ ግን ንግግሩ ሁሉ በሕዝብ ፊት ነው። አመልካቹ ያቀርባል፣ ጎረቤት ተነሥቶ የተሰጠውን ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ አባላት እየተራረሙ ይወያያሉ፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ሙያዊ ሐሳብን በምክንያት ማቅረብ አገር ቤት የሰለጠነ አርክቴክት ብዙም ዕድል ያላገኘበት ችሎታ ነው። እዚህ ደግሞ ፕሮጀክት የሚመራ ሰው ያለ እሱ አይሆንለትም።

በተማሪነትሽ ጁሪ፣ ማለትም ሥራሽን የሚዳኙት መምህራን ፊት እንደቆምሽው እንዳይመስልሽ። ጁሪ የፈጠራ ችሎታሽን ይመዝናል፤ ቦርዱ ግን ሥራውን ከተጻፈ መስፈርት ጋር ነው የሚያስተያየው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሁለት ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤቶች መካከል ባለ አራት ፎቅ ሊሠራ ቀረበ እንበል። ትልልቅ ሥራዎች መጀመሪያ የሚታዩት በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ነው፤ የሚመዘነው ከፍታው፣ ልኩ፣ ግዝፈቱና አጠቃላይ ጠባዩ ነው። «አላማረኝም፣ በጣም ዘመናዊ ነው» የሚል አባል አመልካቹን ምንም አልረዳውም፤ ነገ ይግባኝ ቢመጣም ቃሉ አይቆምም። «ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ክፈፍ ከጎረቤቶቹ ጣሪያ በላይ ስለወጣ ሕንፃው መንገዱን ተጭኖታል፤ አራተኛውን ፎቅ ወደ ኋላ ብትስቡት ልኩ ይመጣል» የሚለው ግን መስፈርቱን ጠቅሶ መውጫውንም አሳይቷል። ሕንፃው ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ መስፈርት ይመጣል። የጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ አውራ ጎዳና በዚያ ስለሚያልፍ ከተማው የመንገዱን ክብር ለመጠበቅ በ1929 ለፌዴራሉ መንግሥት ቃል ገብቷል። ይህን ሳያውቁ በዚያ መንገድ ላይ ስላለ ሕንፃ አስተያየት መስጠት አይቻልም።

ዘንድሮ አይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ከታዳሚ ወንበር ተማሪ። ከስብሰባው በፊት አጀንዳውና የከተማው ባለሙያዎች ዘገባ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ሥዕሎቹም የሕንፃው ታሪክም የባለሙያዎቹ ሐሳብም አሉበት። የባለሙያዎቹን ሐሳብ ሳታነቢ ሥዕሉን ብቻ ተመልከቺና ያንቺን አስተያየት በአምስት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፊ። ከዚያ የእነሱን አንብቢ፤ ማታ ስብሰባው ላይ ተገኝተሽ አባላቱ ያሉትን ከጻፍሽው ጋር አስተያዪ። የት እንደሳትሽ፣ የትኛውን ቃል እንደሚጠቀሙ፣ ስለ መስኮት ያን ያህል የሚከራከሩት ለምን እንደሆነ ይገባሻል። (ከ1932 በፊት የተሠራ ቤት መስኮትና ከዚያ ወዲህ የተሠራው በአንድ ዓይን አይታዩም።) አንድ ቀን ደግሞ እንደ ነዋሪ ተነሥተሽ ተናገሪ። የአነጋገር ጭንቀትሽ የሚለቅሽ እዚያ ነው። አነጋገርሽ አበሻ መሆኑ ማንንም አያስከፋም፤ በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቤታቸው በብዛት ከሚናገሯቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሰው የሚሰለቸው ረዥም ንግግር ነው፤ አጭርና የተዘጋጀ ሐሳብ ይዘሽ ከቆምሽ ያዳምጡሻል።

አሁን በጣም እንድትጠነቀቂበት የምፈልገው ነገር አለ። ማመልከቻው ሙያሽን ይጠይቅሻል። «አርክቴክት» ብለሽ እንዳትጽፊ። አገር ቤት አርክቴክት ነበርሽ፣ ዲግሪሽም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በቨርጂኒያ ሕግ ላይሰንስ ሳይኖር ራስን በዚህ መጠሪያ መጥራት ያስጠይቃል። በአርክቴክቸር ዲግሪ እንዳለሽና ዲዛይነር ሆነሽ እንደምትሠሪ ጻፊ። ይህ ያዋረደሽ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም ለአርክቴክት ከተለየው ወንበር ውጭ፣ እንደ ዕውቀት ያለው ነዋሪ ነው የምትወዳደሪው፤ በዚያ መንገድ ያንቺ ዝግጅት ከብዙዎች ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ አለቃሽ ነው። ቢሯችሁ በድሮው ከተማ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ካለ አንድ ቀን ያ ሥራ ቦርዱ ፊት መቅረቡ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥቅም እንዳለሽ በግልጽ አስታውቀሽ ከውይይቱም ከድምፁም መውጣት አለብሽ፤ ባልደረቦችሽን በጎን ማነጋገርም የለም። ይህ ከተደጋገመ አለቃሽም ቦርዱም ይቸገራሉ። ስለዚህ ከማንም በፊት አለቃሽን አነጋግሪ። ደንበኛ አገኝበታለሁ ብለሽ ካሰብሽም ይህን ሐሳብ ከአሁኑ ተዪው። ፈቃድ ፈላጊው አንቺ ከምትወስኚበት ወንበር ፊት ቆሞ ሥራ ቢሰጥሽ ስምሽ በአንድ ቀን ይበላሻል። የስብሰባ ሕጉም ጠበቅ ያለ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ሦስት አባላት ተገናኝተው ስለ ቦርዱ ጉዳይ ከተወያዩ ያ ራሱ ስብሰባ ነው፣ አስቀድሞም ለሕዝብ መነገር አለበት። እንደኛ ቡና ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን ጨርሶ መምጣት አይቻልም።

ባለቤትሽ ስለ ክፍያ ያነሣው ተገቢ ጥያቄ ነው። ወንበሩ ሁለት ማታ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ዘገባ ማንበብና ቦታውን ሄዶ ማየት አለ። ያንን ጊዜ ከላይሰንስሽ ላይ ከወሰድሽው ትጎጃለሽ። ላይሰንስ የሚያስፈልገው የልምምድ ሰዓት 3,740 ነው፤ ከዚህ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ በአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ፣ ላይሰንስ ባለው አርክቴክት ሥር የተሠራ መሆን አለበት። ፈተናውም ስድስት ክፍል አለው። የአሁኑ ቢሮሽ ሰዓት ምናልባት እየባከነ ይሆናል፤ በጊዜው ካልተመዘገበ ዋጋው ይቀንሳልና ዛሬውኑ ማስመዝገብ ጀምሪ። ዲግሪሽንም አስገምግሚ። ቢያንስ ሁለት ፈተና ካለፍሽ በኋላ ማመልከቻውን ብታስገቢ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ወገናችን የሚኖረው በከተማው ምዕራብ በኩል ነው፤ ይህ ቦርድ ደግሞ እዚያ ሥልጣን የለውም። የዚያን ሰፈር አዳዲስ ሕንፃዎች የሚያየው ለመላው ከተማ የቆመው የፕላን ኮሚሽን ነው። ልብሽ ያለው ወገን የሚኖርባቸው የኪራይ ሕንፃዎች ላይ ከሆነ የኮሚሽኑንም ስብሰባዎች ተከታተዪ፤ ምናልባት ያንቺ ወንበር እዚያ ይሆናል። ስለ ሰገነት፣ ልጆች ስለሚጫወቱበት ግቢ፣ እንግዳ በብዛት ስለሚገባበት ሳሎን የሚያውቅ ባለሙያ በእነዚህ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቢቀመጥ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ለማመልከት ስትወስኚ ረቂቁን ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ። «ለምን ማገልገል ፈለግሽ» የሚለውን ክፍል አብረን እናየዋለን፤ የአለቃሽንም መልስ ጨምረሽ ጻፊልኝ።