የናፍጣው ሽታ ጠፋ፣ ቁጥሩ ግን አልወርድ አለ

ጥያቄ፦ የናፍጣ ማስተላለፊያ ቧንቧ አፍስሶ የተበከለ 120 ሜትር ኩብ አፈር ቆፍረን አወጣን። በወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ በ60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግተን፣ 15 ከረጢት ዩሪያ (እያንዳንዱ 50 ኪሎ) በአንዴ በትነን፣ በየሳምንቱ በትራክተር እናርሰዋለን። በኪሎ አፈር 9,000 ሚሊ ግራም የነበረው ነዳጅ በመጀመሪያው ወር ወደ 6,500 ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ለሁለት ወር ንቅንቅ አላለም። የአፈሩ እርጥበት 8 በመቶ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በላይ አልካላይ ነው) 8.8 ነው። ሽታው ግን ጠፍቷል። በፓኬት የሚሸጥ ባክቴሪያ እንግዛ?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። ናፍጣ የሚበሉ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው አፈር ውስጥ ራሳቸው አሉ። ላብራቶሪው ቆጥሯቸው በግራም አፈር ከ1,000 በታች ካልሆኑ በቀር የሚጎድለው ባክቴሪያ ሳይሆን የሚኖሩበት ሁኔታ ነው። ከፓኬት የሚወጣውም እዚያው ደረቅ፣ ጨዋማ አፈር ላይ ይሞታል።

የሽታው መጥፋት አያዘናጋዎት። የሚሸተው ቀላሉ ክፍል ነው፤ እሱ በንኖ ሄዶ ከባዱ ቀርቶ ይሆናል። ይህን ለመለየት ላብራቶሪው ናፍጣ ውስጥ ያሉትን የሁለት ውህዶች፣ የሄፕታዴኬንና የፕሪስቴንን ንጽጽር (የመጀመሪያው ለሁለተኛው ተካፍሎ) እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ሁለቱ የሚተኑበት ፍጥነት ተቀራራቢ ነው፤ ባክቴሪያ ግን ሄፕታዴኬንን አስቀድሞ ይበላል። ንጽጽሩ ከመጀመሪያው ናሙና ካልቀነሰ፣ የወረደው 2,500 ተንኖ እንጂ ተበልቶ አይደለም።

ዋናው ጥፋት ዩሪያው ላይ ነው። 120 ሜትር ኩብ አፈር 190 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በ9,000 ሚሊ ግራም ስሌት 1,700 ኪሎ ገደማ ናፍጣ ይዟል። ከዚህ 85 በመቶው ካርቦን ነው። ለባክቴሪያዎቹ ምግብ በክብደት ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ቢታሰብ፣ የሚያስፈልገው 320 ኪሎ ዩሪያ ነበር፤ ያውም ለአራት ለአምስት ጊዜ ተከፋፍሎ። የገባው 750 ኪሎ ነው። ባክቴሪያ የሚኖረው አፈሩ በያዘው ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ 8 በመቶ እርጥበት ላይ ይህ ሁሉ ናይትሮጅን በሊትር ውሃ ከ20 ግራም ያልፋል። የሚስማማው 2 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጨው ውሃውን ከሕዋሱ ይመጥበታል። ፒኤቹን ያናረውም ዩሪያው ሲፈርስ የሚወጣው አሞኒያ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ አሲድ ለመጨመር አይቸኩሉ።

ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙና ውሃ ይስጡ። እርጥበቱን ወደ 16 በመቶ ለማድረስ 15 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። በአንድ ቀን አይልቀቁበት፤ ናፍጣ የነካው ደረቅ አፈር ውሃ አይቀበልም፣ ላይ ላዩን ተንከባሎ ይወርዳል። በቀን ከ2 እስከ 3 ሜትር ኩብ በስሱ ረጭተው፣ አርሰው፣ በማግስቱ ይድገሙ። በእጅ ሲጨብጡት ተጣብቆ የሚቆይ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ከሆነ በቂ ነው። ከዚህ ካለፈ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል። በዚሁ ሳምንት አሞኒያ ሊነሳ ስለሚችል የሚያርሰው ሰው ዓይኑንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ተራ የአቧራ ጭምብል ግን አሞኒያን አያቆምም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የአፈሩን ጨዋማነት ያስለኩ። በሳቹሬሽን ፔስት (አፈሩ በውሃ ተለውሶ በሚለካበት ዘዴ) ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ አሃድ) ካለፈ ማጠብ ያስፈልጋል። የታጠበው ውሃ ናይትሬትና ናፍጣ ስለሚይዝ በንጣፉ ጠርዝ ባለው ግድብ ተይዞ ወደ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ መግባት አለበት። ግድቡ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ይሥሩ፤ ለዝናብም ያስፈልጋል።

ፎስፈረስ ጭራሽ አልገባም። ለቀረው ናፍጣ 50 ኪሎ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ይበቃል። ዳፕ አይጠቀሙ፣ ናይትሮጅን ይጨምራል።

ውፍረቱም ራሱ ችግር ነው። የትራክተር ማረሻ ብዙ ጊዜ ከ25 ሳንቲ ሜትር አይዘልቅም፤ የታችኛው ክፍል አየር አያገኝም። አንድ ኪሎ ናፍጣ ደግሞ ለመፍረስ ወደ 3.5 ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋል። ንጣፉን ከ200 ወደ 400 ካሬ ሜትር አስፍተው አፈሩን በ30 ሳንቲ ሜትር ይዘርጉ። ቦታ ከሌለ ከክምሩ በታች ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ዘርግቶ በንፋስ ማስገቢያ መግፋት ይቻላል፤ ወጪው ግን ከፍ ይላል። ገልብጦ ከማስፋት በፊት ከላይና ከታች ለየብቻ ናሙና ይውሰዱ። ምናልባት የላዩ ነዳጅ ወርዶ የታቹ እንዳለ ይሆናል፤ አማካዩ ይህን ይደብቃል።

አፈሩን ለማላላት ገለባ ከጨመሩ፣ ላብራቶሪው ናሙናውን በሲሊካ ጄል እንዲያጠራ ይንገሩት። አለበለዚያ የዕፅዋቱ ቅባት እንደ ነዳጅ ይቆጠራል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደግሞ እንዳያስገቡ፤ ናፍጣውን ከአፈሩ አላቅቆ ወደ ማጠራቀሚያው ይነዳዋል እንጂ አያጠፋውም።

የተቆፈረውን ጉድጓድ ገና ካልሞሉት፣ ከወለሉና ከአራቱም ግድግዳ ናሙና ሳይወሰድ አፈር አይመልሱበት። ወለሉ ላይ ውሃ ከታየና ዘይት ከተንሳፈፈበት ግን ጉዳዩ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለሙያ ይጥሩ።

ቀጣዩን ናሙና ከስምንት ሳምንት በኋላ ከየ80 ካሬ ሜትሩ አንድ፣ በድምሩ አምስት አድርገው ይውሰዱ። የናሙናው ዕቃ የብርጭቆ ይሁን፣ እስከ አፉ ይሞላ፣ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ። እርጥበቱም ጨዋማነቱም ተስተካክሎ የሄፕታዴኬንና የፕሪስቴን ንጽጽር አሁንም ካልወረደ፣ የሚሞከረው ሌላ ማዳበሪያ ሳይሆን በሙቀት ማጽዳት ነው።