«ቃላት፦ የለም» ብለው ሞሉበት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ እህታችን፣ የምፅፍልሽ ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ወንድ ነው፣ 20 ወሩ ነው፣ ያለ ጊዜው በ33 ሳምንቱ ተወልዶ ሙቀት ክፍል ቆይቶ ነው የወጣው፣ አሁን ግን ጤነኛ ነው ይሮጣል ይወጣል ይወርዳል። የምሰራው ስለሆነ የህፃናት ማቆያ ነው የሚውለው፣ እነሱ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ እድገቱን የሚከታተሉበት ፎርም ሞልተው ይሰጡናል። የዚህን ወር «ወደ ሁለት አመት ስለተጠጋ» ብለው የ2 አመቱን ፎርም ሞሉለት። ቃላት፦ የለም። ሁለት ቃል አያይዞ ይናገራል፦ የለም። በማንኪያ ይበላል፦ የለም። እቤት ግን የሚያመሸው ከአማቴ ጋር ነው፣ እሳቸው የፍቼ ሰው ናቸው በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፣ እና ውሃ ሲፈልግ «ቢሻ» ይላል፣ ወተቱን «አና» ይላል፣ እሳቸውን «አኮ» ይላቸዋል። ፎርሙን ሳሳያቸው «ወንድ ልጅ አፉን ሲፈታ ይዘገያል፣ ተይው» አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው እናቴ አማርኛ ብቻ ያውሩት እያለ ነው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎርሙን ለአፍታ አጣጥፊውና መጀመሪያ እድሜውን እንቁጠር። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ነው፣ ያንቺ ልጅ 7 ሳምንት ቀድሞ መጣ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ እድገቱ ሲታይ 2 አመት እስኪሞላው ድረስ የቀደመበት ሳምንት ይቀነስለታል፣ ስለዚህ ልጅሽ ለዚህ ጉዳይ 20 ወር ሳይሆን 18 ወር ከትንሽ ቀን ነው ማለት ነው። ማቆያው ይህንን ያውቃል ወይ? ምዝገባ ላይ ነግረሻቸው ከሆነ ፎርም የምትሞላዋ ልጅ ጋ አልደረሰም፣ ካልነገርሻቸው ነገ ጠዋት ንገሪያቸው።

ሁለተኛው ስህተት የእነሱ ነው። የጠቀስሻቸው ጥያቄዎች የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ካወጣው የልጆች እድገት ዝርዝር ጋር በጣም ይመሳሰላሉ፣ እዛ ላይ የ15 ወር፣ የ18 ወር፣ የ2 አመት እያለ ይሄዳል እና ልጁ በሁለቱ መሀል ከሆነ የሚሞላለት የታችኛው ነው እንጂ የላይኛው አይደለም። «ተጠግቷል» የሚባል ነገር የለም። ሁለት ቃል ማያያዝ የ2 አመት ጥያቄ ነው። የ18 ወሩ የሚጠይቀው ከእማዬ ከአባዬ ውጪ ሶስት ወይም ከዛ በላይ ቃል ለማለት ይሞክራል ወይ ብሎ ነው። በዛ ላይ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲከለስ እያንዳንዱ ጥያቄ የተቀመጠው ከ100 ልጅ 75ቱ ወይም ከዛ በላይ ይችሉታል በሚባልበት እድሜ ላይ ነው፣ ስለዚህ አንድ «የለም» ብቻውን ፍርድ አይደለም፣ ግን ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍም አይደለም፣ ሰው ጠይቁበት ማለት ነው።

አሁን እንቁጠር፦ ቢሻ፣ አና፣ አኮ። ሶስት። ቃሉ ሙሉ ባይወጣለትም ሁሌ ለዛው ነገር እስከተጠቀመበት ድረስ ቃል ነው፣ «ቢሻን» ማለቱ እንደሆነ እኔ እዚህ ሆኜ ገባኝ። ማቆያ ያለችዋ ሞግዚት ኦሮምኛ ካልሰማች ግን ልጁ ኩባያ ይዞ ቢሻ ቢሻ ሲላት እየተንጫጫ ነው ብላ ታልፈዋለች፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ «የለም»። የማየው ነገር ስለሆነ ነው የምለው፣ ብዙ ቦታ ፎርሙ የሚሞላው በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ የአስራ ምናምን ልጅ ወረቀት ተደርድሮ፣ ከትዝታ ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ በይው፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፣ ሲቆጠር የሁለቱም ቋንቋ ቃላት ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። አማትሽ በሚያምርባቸው ቋንቋ ያውሩት፣ ተረት ይንገሩት፣ በማይመቻቸው አማርኛ አጠር አጠር አድርገው ቢያወሩት ነው ልጁ የሚጎዳው።

የማንኪያው ነገር አሳቀኝ፣ ምክንያቱም እኔም ላይ ደርሷል። የመጀመሪያ ልጄን ማቆያ ሳስገባ «በማንኪያ ራሷን አትመግብም» ተብሎ መጣልኝ፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሳልነግራቸው ሄድኩ፣ ሞግዚቷ አምስቱን ልጆች በመደዳ አስቀምጣ በአንድ ማንኪያ ተራ በተራ ታጎርሳለች። ማንኪያ ያልተሰጣት ልጅ በምን ትብላ? እቤት ደግሞ እንጀራ ቆርሳ ሽሮውን ጠቅልላ ነው የምትበላው፣ ያ በጣት የሚሰራ ስራ ከማንኪያ አያንስም እኮ። ጅማ ላይ ተመራማሪዎች ዴንቨር 2 የሚባለውን የልጆች እድገት መመርመሪያ እንደገና ለእኛ ልጆች ያስማሙት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ልጁ አይቶት በማያውቀው እቃ ልትፈትኚው አትችይም።

እስከዚህ ድረስ ከልጅሽ ጎን ነኝ። አሁን ደግሞ አማትሽን ልቃወም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንዶች በአማካይ ትንሽ ዘግየት ይላሉ፣ ልዩነቱ ግን ጥቂት ነው፣ «ወንድ ስለሆነ ነው» ተብሎ አመት የሚጠበቅበት አይደለም። ያንቺ ልጅ ደግሞ ያለ ጊዜው ተወልዶ ሙቀት ክፍል የተኛ ነው፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የመስማት ችግር ከሌላው በዛ ይላል። ስሙን ከኋላው ሆነሽ ሳያይሽ ቀስ ብለሽ ጥሪው፣ ይዞራል? ጆሮው ፈሳሽ ያወጣል? ወፍ ወይ ባጃጅ ሲያይ ጣቱን ቀስሮ «እይልኝ» ይልሻል? ይህን ሁሉ ቢያደርግም ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂና ለጆሮ ምርመራ ሪፈር አፅፊ፣ የቤት ሙከራ የባለሙያን ቦታ አይተካም። ለማቆያው ደግሞ ሶስቱን ቃላት ከነትርጉማቸው ወረቀት ላይ ፅፈሽ ስጫቸው፣ ከዛ «የለም» ብሎ ከመፃፍ ያዩትን ከነቀኑ እንዲፅፉልሽ ለምኚያቸው። «ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ ኩባያ አምጥቶ ቢሻ አለኝ» የምትል አንድ መስመር ከሙሉ ፎርም ትበልጥብሻለች።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነው። ሴት ልጄ 14 ወሯ ነው አትራመድም፣ ሳትድህም ነው ያለፈችው፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ነው የምትሄደው። ማቆያው ባለጎማ መራመጃ ግዙላት ብሎናል። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት ጋና፣ ህንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ያሉ ልጆችን ተከታትሎ ባወጣው መሰረት ጤነኛ ልጅ ብቻውን የሚራመደው ከ8 ወር አካባቢ ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው፣ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ያለፉትም ከ100 ልጅ 4 ያህል ነበሩ። ባለጎማው ልጅን ቶሎ አያስኬድም፣ አደጋው ግን የታወቀ ነው፣ ካናዳ እንደውም እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። እኛ ጋ ደግሞ ለብርዱ ከሰል ተቀጣጥሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ጎማ ላይ ያለች ልጅ እዛ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይፈጅባትም።

ይልቅ ልብሷን ተመልከት። በእናንተ ብርድ ሶስት ሱሪ ደርባ በፎጣ ተጠቅልላ የምትውል ልጅ ጉልበቷ የት ይታጠፍ? የሚሞቅ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎላት፣ ቀለል ብላ፣ በባዶ እግሯ ወንበር ይዛ ትነሳ፣ ያን ጊዜ ወፌ ቆመች በሉላት። ይዛ የምትቆም ከሆነ ጠብቃት። ይዛም የማትቆም ከሆነ፣ አንዱን እግሯን ወይ አንዱን እጇን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ፣ ወይ 18 ወር ሞልቷት ካልተራመደች ሀኪም ይያት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት አንድ ማቆያ ውስጥ ሞግዚት ነኝ፣ ለ14 ልጅ ሁለት ነን። አንዲት የ2 አመት ልጅ አለች፣ ውሃ፣ እንካ፣ ቻው ትል ነበር፣ አሁን ሁለት ወር ሆናት ዝም ብላለች ስትጠራም አትዞርም። ለእናቷ እንዴት ልንገራት? ባለፈው ለሌላ እናት በር ላይ «ልጅሽ ዘግይቷል» ብያት ተቆጥታ ልጇን አስወጣች። ሀላፊዬ ደግሞ የወሩ ሪፖርት ይድረስ ትላለች።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ከሶስታችሁ ያንቺ ነው የሚያስቸኩለው። ያልጀመረ ልጅና የነበረውን የተወ ልጅ አንድ አይደሉም። ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ፣ ስሙ ሲጠራ መዞር ያቆመ ልጅ በየትኛውም እድሜ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ጆሮዋ ሊሆን ይችላል፣ ልብ ያልተባለ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ያንን የሚለየው ሀኪም ነው፣ አንቺ የበሽታ ስም እንዳትጠሪ። «ኦቲዝም ነው መሰለኝ» ካልሻት ከዛ በኋላ የምትነግሪያትን አንዱንም አትሰማሽም።

በር ላይ አይሆንም፣ ሌላ ወላጅ እየሰማ፣ ባጃጁ ውጪ ቆሞ እየጠበቀ እንዴት ይሆናል። ዛሬውኑ ደውለሽ ነገ አስር ደቂቃ ቀደም ብላ እንድትመጣ ለምኛት፣ አስቀምጫት፣ ልጅቷ የምትወደውን ነገር አንስተሽ ጀምሪ፣ ከዛ ደብተርሽን ክፈቺ። ደብተር ከሌለሽ ዛሬ ማታ የምታስታውሺውን ከነቀኑ ፃፊ፣ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ «ቻው» እንዳለች፣ ስንቴ ጠርተሻት እንዳልዞረች። «ዘግይታለች» ሳይሆን «ድሮ ስትወጪ ቻው ትልሽ ነበር፣ አሁን ሁለት ወር ሙሉ አልሰማሁም፣ እቤትስ እንዴት ናት?» በያት። ብዙ ጊዜ እናትየዋ ራሷ አይታ ፈርታ የያዘችው ነገር ነው የሚሆነው፣ መጀመሪያ የምትቆጣሽም ለዛ ነው። ትኩሳት፣ የጆሮ ህመም፣ ድንገት ፍዝዝ ብሎ መቅረት እንዳለ ጠይቂያት፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የፃፍሽውን ገፅ ቀድደሽ ስጫትና ትያዝ።

ለሀላፊሽ ደግሞ የወሩ ሪፖርት በጊዜው ይደርሳል በያት። ይህቺን ግን ነገ ንገሪ።