ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ውል በማርቀቅና በማንበብ ነው። ስማቸው ገና መነሳት የጀመረ ሯጮችና ድምፃውያን ቢሮዬ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ግን የሚመጡት ፈርመው ነው። እኔም ስለ ቦክስ ፕሮሞተሩ (ግጥሚያ አዘጋጁ) ዶን ኪንግ አወራላቸዋለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያንን ሽቅብ የቆመ ፀጉሩን ሳታዩት አትቀሩም። የክሊቭላንድ ልጅ ነው። ገንዘብ የሠራው በሕገወጥ ቁማር ነበር። በ1966 የ600 ዶላር ዕዳ ያለበትን ሠራተኛውን ደብድቦ ገደለና ታሰረ፤ በ1971 ተፈታ። በ1974 ደግሞ ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊንና ጆርጅ ፎርማንን አገናኘ። ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ቃል ሲገባ ብሩ እጁ ላይ አልነበረም። መጀመሪያ አስፈረማቸው፣ ከዚያ ከፋይ ፍለጋ ወጣ። የዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) መሪ የነበረው የሞቡቱ መንግሥት ከፈለ። ይሄ ትልቅ ችሎታ ነው፤ አልክድም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቲም ዊዘርስፑን ጉዳይ ነው። ዊዘርስፑን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ፕሮሞተሩ ዶን ኪንግ፣ ማናጀሩ ደግሞ የኪንግ የእንጀራ ልጅ ካርል። እስቲ አስቡት። የማናጀር ሥራ ከፕሮሞተሩ ጋር ተከራክሮ ለቦክሰኛው ክፍያ ማስጨመር ነው። ታዲያ ልጅ ከአባቱ ጋር ምን ብሎ ይከራከራል? በ1986 ዊዘርስፑን ለንደን ላይ ፍራንክ ብሩኖን በ11ኛው ዙር ዘረረው። ለተሸናፊው ወደ 900 ሺህ ዶላር ተከፈለው። አሸናፊው እጅ የገባው ወደ 90 ሺህ ብቻ ነበር። በሁለት ቢላ መብላት ማለት ይሄ ነው።

አሊ ራሱም አልቀረለትም። በ1980 በላሪ ሆልምስ ሲሸነፍ ከተዋዋለው 8 ሚሊዮን ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎደለበትና ኪንግን ከሰሰ። ኪንግ 50 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ አድርጎ በአሊ የቆየ ወዳጅ እጅ ላከለት። አሊ ታሞ ነበር። ክሱን የሚያስቀር ወረቀት ፈርሞ ሻንጣውን ተቀበለ። ጠበቃው ይህን ሲሰማ አለቀሰ ይባላል። እኔ አምናለሁ፤ የጠበቃ እንባ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልብ በሉ፣ የመጣው የሚያምነው ሰው ነው። ኪንግ ወጣት ጥቁር ቦክሰኞችንም ሲያግባባ የኖረው «የራሳችሁ ሰው ነኝ» እያለ ነበር።

ቦክሰኛው ማይክ ታይሰንም በ1998 በኪንግ ላይ የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ አቅርቦ በመጨረሻ በ14 ሚሊዮን ታረቀ። በግብር ስወራና በኢንሹራንስ ማጭበርበር የተመሠረቱበትን ክሶች ግን ኪንግ በነፃ ወጥቶባቸዋል። ይህንን መደበቅ ነውር ነው።

በ2000 አሜሪካ በአሊ ስም ሕግ አወጣች። ፕሮሞተር በማናጀሩ ሥራ ውስጥ ጥቅም እንዳይኖረው ከለከለች። ፕሮሞተሩ ራሱ ከአንድ ግጥሚያ ምን ያህል እንደሚያገኝም ለቦክሰኛው እንዲነግር አስገደደች። እናንተ ይህን ለመጠየቅ ሕግ አትጠብቁ። ማናጀራችሁን ማን ነው የሚከፍለው? ከአዘጋጁ ጋር ዝምድና ወይም ሽርክና አለው? ጠበቃውን ያመጣላችሁ ማን ነው? ውሉ በማታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ፣ እነሱ ያላመጡት ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያንብብላችሁ። «ዛሬ ካልፈረምክ ይቀርብሃል» ካሏችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። የሽልማቱ ገንዘብም በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይግባ፤ ምን ተቆርጦ ምን እንደቀረ የሚያሳይ ወረቀትም በየውድድሩ ተቀበሉ።